መዥገርና የሜዳ ሽርሽር

መስከረም ጠብቶ፣ ዝናቡ አባርቶ፣ ሜዳው አደይ አበባ ሲለብስ፣ ሳምንቱን ሙሉ ከጥቁር ሰሌዳና ከፋይል ጋራ ሲታገል የሰነበተ ሰው እሑድን ከከተማ ውጭ ለማሳለፍ ቢመኝ የሚፈረድበት አይደለም። ተማሪው ስንቁን ቋጥሮ፣ ጸሐፊው ኮቱን በትከሻው ጣል አድርጎ፣ ወደ ቢሾፍቱ ወይም ወደ ላንጋኖ ይወርዳል። በሥራው ምክንያት ወደ ገጠር የሚላከውም መሬት ለካሽ፣ ቆጣሪ ወይም አስተማሪ ሣር ለሣር መዋሉ አይቀርም። እንዲህ ያለው መንገደኛ አጥብቆ የሚፈራው እባብን ነው። ዳሩ ግን እባብ ሰውን ሲያይ ይሸሻል፤ መዥገር ግን ሰውን ፈልጎ ይመጣል።

መዥገር ይዘላል፣ ከዛፍ ላይም ይወረወራል የሚሉ አሉ፤ ልክ አይደለም። ክንፍ የለውም፤ እንደ ቁንጫም አይዘልም። ስምንት እግር ያለው በመሆኑ ዘመዶቹ ሸረሪትና ጊንጥ ናቸው። ገና የተፈለፈለው ግልገል ብቻ ስድስት እግር ይዞ ይወጣል። (ይህን በክፍል ውስጥ ባስተማርሁ ቁጥር «ታዲያ ሁለቱ ከየት ይመጣሉ?» የሚል ተማሪ አይጠፋም፤ መልሱ መጀመሪያ ደም ጠጥቶ ቆዳውን ሲገፍ ያበቅላቸዋል ነው።) የብዙው መዥገር ዘዴ ትዕግሥት ነው። ከሣር ወይም ከቁጥቋጦ ጫፍ ወጥቶ፣ በኋላ እግሮቹ ተጣብቆ፣ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ይጠብቃል። በእነዚያ የፊት እግሮች ላይ ትንፋሻችንንና ሙቀታችንን የሚለይበት ረቂቅ የማሽተቻ ሕዋስ አለው። ሱሪዎ ሣሩን ዳሰስ ሲያደርግ ተንጠላጥሎ አብሮዎት ይሄዳል።

በአገራችን ከብቶች ላይ ከሚበዙት አንዱ ሊቃውንት አምብሊዮማ ቫሪዬጋቱም የሚሉት ነው። ወንዱ ጀርባው በብርቱካን መልክ ያጌጠ፣ እግሮቹ ነጭ ቀለበት ያጠለቁ የሚመስሉ፣ እውነቱን ለመናገር መልከ መልካም ፍጥረት ነው። ይህኛው ግን ተቀምጦ መጠበቅ አይበቃውም፤ ትንፋሽ ሲሸተው ከተደበቀበት ወጥቶ በምድር ላይ እየተራመደ ይመጣል። ስለዚህ ከብት በሚውልበትና በሚያርፍበት ጥላ ሥር ነጠላ አንጥፎ መተኛት፣ ምንም እንኳ ቦታው ቢያምር፣ አይመከርም።

ሲነክስ አያሳምምም፤ ምራቁ ሥጋውን ያደነዝዛል። ከዚያም ወደ ኋላ የታጠፉ ጥርሶች ያሉበትን አፉን ሰክቶ፣ እንደ ሙጫ በሚደርቅ ፈሳሽ ዙሪያውን ይለጥፋል። «እንደ መዥገር ተጣበቀ» ያሉት አባቶቻችን ነገሩን በሚገባ አይተውታል። ሴቷ ሳምንት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ስትመጥ ትሰነብትና እንደ ጉሎ ፍሬ ተነፍታ ትወድቃለች፤ በብዙ ሺህ የሚቆጠር እንቁላል ጥላም ትሞታለች።

የሚጠጣው ደምስ ትንሽ ነው፤ ጉዳቱ በምራቁ በኩል የሚገባው ነው። እ.ኤ.አ. በ1893 ቴዎባልድ ስሚዝና ፍሬድ ኪልቦርን የተባሉ አሜሪካውያን የቴክሳስን የከብት ትኩሳት የሚያዛምተው መዥገር መሆኑን አስረዱ። በ1906 ደግሞ ሃዋርድ ሪኬትስ የሮኪ ተራሮችን ነጠብጣብ ትኩሳት ለሰው የሚሰጠው መዥገር መሆኑን አሳየ፤ እርሱም በ1910 ሜክሲኮ ውስጥ ተስቦን ሲመረምር በዚያው በሽታ ሞተ። ሪኬትሲያ የሚባሉት ጥቃቅን ሕዋሳት ስማቸውን የወሰዱት ከእርሱ ነው። ከእነዚህ አንዱ፣ ሪኬትሲያ አፍሪኬ፣ የእኛው አህጉር ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ሙሉ የዘር መዝገቡ ተነብቦ ሲወጣ፣ የተነበበው ዘር የተገኘው ከኢትዮጵያ መዥገር ነበር።

በሽታው የአፍሪካ የመዥገር ትኩሳት ይባላል። ከተነከሱ ከ5 እስከ 10 ቀን በኋላ ትኩሳት፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ የአንገትና የጡንቻ ሕመም ይመጣል፤ በብሽሽት ንፍፊት ይወጣል። ዋናው ምልክቱ ግን በተነከሰው ቦታ ላይ የሚታይ ጥቁር ቅርፊት ነው፤ አንዳንዴ ሁለት ሦስት ይሆናል። እምብዛም ነፍስ አያጠፋም፤ ሆኖም ወባን ይመስላልና ያሳስታል። አንድ ወዳጄ ከመስክ ሥራ ተመልሶ ሲያተኩሰው ደሙ ሳይመረመር የወባ መድኃኒት ተሰጠው። ትኩሳቱ አልለቅ ብሎት ሌላ ሐኪም ዘንድ ሲሄድ፣ ሐኪሙ ከሁሉ አስቀድሞ ያዘዘው ካልሲውን እንዲያወልቅ ነበር። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቅርፊቱ ተገኘ፤ ዶክሲሳይክሊን ታዘዘለት፤ በሦስተኛው ቀን ራሱን ቀና አደረገ። ከቆላ ተመልሶ ያተኮሰው ሰው ግን የደም ምርመራውን መተው የለበትም፤ እውነተኛ ወባ ከሆነ ቀን አይሰጥም።

እንግዲህ መከላከያው። ሱሪዎን ካልሲ ውስጥ፣ ሸሚዝዎን ሱሪ ውስጥ ይክተቱ። ጓደኞችዎ ቢሥቁ ይሣቁ። ነጣ ያለ ልብስ ቢለብሱ የሚወጣው መዥገር በግልጽ ይታያል። ሲሄዱ የመንገዱን መካከል ይያዙ። በፋርማሲ የሚሸጥ ዲት ያለበት ቅባት ለቆዳ ይጠቅማል፤ ፐርሜትሪን የሚባለው ግን ልብስ ላይ ብቻ የሚረጭ ነው።

ማታ ቤትዎ ሲገቡ ከመተኛትዎ በፊት ይፈተሹ፤ ብብት፣ ብሽሽት፣ እምብርት፣ ከጆሮ ኋላ፣ ከጉልበት በስተኋላ፣ የራስ ጠጉር። ሕፃን ይዘው ከሆነ ከእርሱ ይጀምሩ። ልብሱን በቀዝቃዛ ውኃ ማጠብ መዥገርን አይገድልም፤ የሚገድለው የፈላ ውኃና ደረቅ ሙቀት ነውና ስፌት ስፌቱን በጋለ ካውያ ይተኩሱት። ውሻም አብሮ ከዋለ እርሱም ይፈተሽ።

ተጣብቆ ቢያገኙት ቅቤ መቀባት፣ ላምባ ማፍሰስ፣ በክብሪት መለብለብ የተለመደ ነው። ይህ ሁሉ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል፤ የተጨነቀ መዥገር በሆዱ ያለውን ወደ ቁስሉ ሊተፋ ይችላልና። እሾህ የሚነቀልበት ወረንጦ ከሁሉ ይበልጣል። ሆዱን ሳይጨብጡ፣ ከቆዳው ጋራ አስጠግተው አፉን ይያዙት፤ ሳይጠመዝዙና ሳይነጥቁ ቀጥ አድርገው በዝግታ ይሳቡት። አፉ ተሰብሮ ቢቀርና በቀላሉ ካልወጣ አይቆፍሩት፤ ቆዳው ራሱ ይገፋዋል። ቦታውንና እጅዎን በሳሙና ይጠቡ፤ አልኮል ካለ ይጨምሩ። መዥገሩን በጣትዎ አያፍርጡት፤ በትንሽ ጠርሙስ አልኮል ውስጥ ይጣሉት። ቀኑንና የዋሉበትን ቦታም በወረቀት ጽፈው ጠርሙሱ ላይ ይለጥፉ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ቢያተኩስዎ ያችን ጠርሙስ ይዘው ወደ ሐኪም ይሂዱ።