ዝግታ ስንፍና አይደለም

የቶልኪን «የቀለበቶቹ ጌታ» (እ.ኤ.አ. 1954–55) በተነሣ ቁጥር «ጉዞው አይጀመርም፤ ገለጻው አያልቅም» የሚል ወቀሳ ይከተለዋል። ለተርጓሚም «አሳጥረው» የሚል ምክር ይሰጠዋል፤ ለእኔም ተሰጥቶኛል። አልቀበለውም።

እርግጥ ነው፤ ቢልቦ 111ኛ ልደቱን አክብሮ ቀለበቱን ለፍሮዶ ትቶለት ከሄደ በኋላ፣ ፍሮዶ ከሻየር እስኪወጣ 17 ዓመት ያልፋል። ይሁንና የአገሩን እርሻ፣ ግብዣና ሐሜት ቀስ ብሎ ያልለመደ አንባቢ፣ ፍሮዶ ሲመለስ ዛፎቹ ተጨፍጭፈው ቢያገኝ ምን እንዳጣ በምን ያውቃል? እ.ኤ.አ. በ2001 እና በ2003 የወጡት ፊልሞች ያንን ዘመንም ይህንን ጥፋትም ዘለሏቸው። ፊልም የሰዓት ባሪያ ነው፤ ይቅር ይባል። መጽሐፍን ግን ማን አጣደፈው?

«የእኛ አንባቢ ትዕግሥት የለውም» የሚሉን ወገኖች «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ረሱትን? ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ያ ዳጎስ ያለ ልብ ወለድ ወደ በዛብህ ከመድረሱ በፊት የወላጆቹን ታሪክ ይተርካል። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲያነበውም ሕዝቡ በጉጉት አዳምጦታል።

«ረዥም ነው» የሚል አይግዛው። የገዛው አንባቢ ግን ሙሉውን መጽሐፍ የማግኘት መብት አለው።