አገር ለቀረጻ ሲሰጥ ውል ይቅደም

ለአንድ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ደራሲና ተዋናይ ብቻ አይበቁትም። ተራራና ወንዝ፣ የሣር ክዳን ቤት፣ የተጠመደ በሬ፣ አውድማና የገበያ መንገድ ያስፈልጉታል። እነዚህ ሁሉ ደግሞ ባለቤት አላቸው። የእርሻው ባለይዞታ ገበሬው ነው፤ የግጦሹና የምንጩ ተጠቃሚ የአካባቢው ሕዝብ ነው። ስለሆነም የካሜራ ባለሙያዎች ወደ አንድ ቀበሌ ሲመጡ ጉዳዩ የከተማ ሰዎች ሥራ ተብሎ የሚተው ሳይሆን የገበሬ ማኅበር መሪዎች ሊመክሩበት የሚገባ የልማት ጉዳይ ነው።

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚሆን ሀብት አላቸው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ ጅብራው እንደቆመ ይታያል። በስማዳ በኩል የበሽሎ፣ በእስቴ በኩል የዓባይ ሸለቆ ይገኛል። ከወረታ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አድርጎ ወልዲያ የሚደርሰው መንገድ ላይ ጋይንትን አቋርጦ ያልፋል። ሆኖም አብዛኞቹ የአገራችን የቴሌቪዥን ድራማዎች የሚቀረጹት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ነው። ምክንያቱም የወጪ ጉዳይ ነው። ቢሆንም የጎንደር አገር ለፊልም ሰዎች እንግዳ አይደለም። በጎንደር የተወለዱት ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የፊልም በዓል የተሸለመውን «ጤዛ»ን ሲሠሩ የገጠሩን ታሪክ የቀረጹት በዚያው በጎንደር አገር ነበር።

ምስል ለአንድ አካባቢ ምን ሊያስገኝ እንደሚችል ከእስቴ የተሻለ ምስክር አይገኝም። በዓባይ ላይ እስቴን ከጎጃም ሞጣ ጋር የሚያገናኘው፣ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት የድንጋይ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ተቆረጠ። ስሙም «ሰባራ ድልድይ» ሆኖ ቀረ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን ተሻጋሪው በገመድ እየታሰረና ወዲያና ወዲህ በቆሙ ሰዎች እየተሳበ ይሻገር ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2000 የወጣው ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ይህንኑ በፎቶግራፍ አሳየ። ኬን ፍራንዝ የሚባሉ አሜሪካዊ የግንባታ ተቋራጭ ፎቶግራፉን አይተው ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ፤ እ.ኤ.አ. በ2002ም ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ድልድዩ ተጠገነ። በ2005 ጎርፍ ጥገናውን ቢወስደውም በ2009 ለእግረኛ የሚሆን ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ።

ይሁን እንጂ ከዚህ ታሪክ ሁለተኛ ትምህርት መውሰድ ይገባል። ያ ፎቶግራፍ ድልድይ ያስገኘው በአጋጣሚ ነው። ያዩት ሰው ግንበኛ ባይሆኑ ኖሮ ምስሉ ታይቶ ያልፍ ነበር። የገበሬ ማኅበር ደግሞ አጋጣሚን ጠብቆ ሊኖር አይችልም፤ በውልና በደንብ መሥራት አለበት።

የሌላው ዓለም ልምድ ይህንኑ ያስረዳል። በኒውዚላንድ ማታማታ በምትባል ቦታ አሌክሳንደር የተባሉ ቤተሰብ 500 ሄክታር ገደማ በሚሆን መሬት ላይ በግና ከብት ያረባሉ። የፊልም ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1998 ይህን መሬት ለ«ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ፊልም መረጡት። ቀረጻው ሲያልቅ ሁሉም ነገር ፈርሶ ሊነሣ ነበር፤ ነገር ግን ከ2002 ጀምሮ ቦታው ለጎብኚ ተከፈተ፤ በኋላም የፊልሙ ቤቶች እንዲበረክቱ ሆነው እንደገና ተሠሩ። እርባታው አልተቋረጠም፤ ባለ መሬቱ በጎችንም ጎብኚዎችንም ይዞ ቀጥሏል።

በአንጻሩ በታይላንድ ማያ የሚባለው የባሕር ዳርቻ እ.ኤ.አ. በ1999 ለፊልም ሲባል አሸዋው ተዝቆ፣ እፅዋቱ ተነቅሎ ነበር። የአካባቢው ባለሥልጣናትና ነዋሪዎች ክስ መሠረቱ፤ ክርክሩም ከ20 ዓመት በላይ ፈጅቶ እ.ኤ.አ. በ2022 ተቋጨ። ከፊልሙ በኋላ በጎረፈው ጎብኚ ብዛት ዳርቻው ከ2018 እስከ 2022 መጀመሪያ ተዘግቶ ቆይቷል። «ጌም ኦፍ ትሮንስ» የተባለው ተከታታይ ድራማ በሰሜን አየርላንድ የቀረጸበት የጥንት ዛፎች መንገድም ጎብኚ ስለበዛበት እ.ኤ.አ. በ2017 ለተሽከርካሪ እንዲዘጋ ተደርጓል። የጉና ጓሳና ጅብራም አንዴ ከተረገጠ ቶሎ የማይመለስ ሀብት መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

«እንግዳን ማስከፈል ነውር ነው» የሚል ክርክር መነሣቱ አይቀርም። አባባሉ እውነት አለው። እግር አጥቦ፣ ጠላ ቀድቶ፣ መደብ ለቅቆ እንግዳን ማሳደር የዚህ አገር ክብር ነው፤ ይህ ሊቀር አይገባም። ነገር ግን ሠላሳ ሰው ጭኖ፣ መኪናና ጄኔሬተር አቁሞ፣ በአዝመራ ወራት ማሳ ውስጥ ለሳምንታት የሚሠራ ድርጅት የምሽት እንግዳ አይደለም። ንግድ ይዞ መጥቷል፤ ሠርቶም ይሸጣል። ጤፉ የተረገጠበት ገበሬ ዝም ቢል ጨዋ ተባለ እንጂ ጉዳቱን ማንም አልካሰውም።

በመሆኑም ማኅበራት ከወዲሁ ጥቂት ነጥቦችን በጉባኤ ቢወስኑ ይበጃል። አንደኛ፣ ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት ቦታው፣ ቀኑ፣ የሰውና የመኪና ብዛት የተጻፈበት ውል ይፈረም። ወራቱ ከእርሻ፣ ከአጨዳና ከውቂያ ጋር እንዳይጋጭ ይደረግ። ሁለተኛ፣ የማሳና የግጦሽ ጉዳት ግምት አስቀድሞ ይታወቅ፤ በግል ይዞታ ላይ የሚደርሰው ካሣ በቀጥታ ለባለይዞታው ይከፈል። ለጋራ መሬት የሚከፈለው በጋራ ሒሳብ ገብቶ ለምንጭ ማጎልበቻ፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለእግር ድልድይ ይዋል፤ ወጪና ገቢውም በጉባኤ ይነበብ። የጋራው ገንዘብ በጥቂት ሰዎች እጅ ከቀረ ውሉ ከመነሻው ባይፈረም ይሻል ነበር። ሦስተኛ፣ ጭነት የሚያመላልስ፣ ከብት የሚያከራይ፣ ምግብ የሚያበስልና በትርኢቱ የሚሳተፍ ሰው ደመወዙ ይወሰን፤ የሴቶችም ድካም ከወንዶቹ እኩል ይቆጠር። አራተኛ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መቃብርና የተከለለ ደን ያለ ባለቤቶቹ ፈቃድ አይነካ።

የሰው ምስልም ሕግ አለው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይደነግጋል። በአደባባይ የተፈጸመ ጉዳይን የመሳሰሉ ልዩ ሁኔታዎች ቢኖሩም፣ ደጃፏ ላይ እንሥራ አዝላ የቆመች ሴት ፈቃዷ ሊጠየቅ እንደሚገባ መሪዎች አውቀው ለአባላት ማስረዳት አለባቸው።

ከሁሉም በላይ የቦታው ስም በድራማው መጨረሻ በጽሑፍ እንዲወጣ በውሉ ይካተት። ለዚህ ገንዘብ አይጠየቅበትም። ተመልካች ያየው ሸለቆ የስማዳ መሆኑን፣ ያየው ተራራ ጉና መሆኑን ካላወቀ ነገ ማንም ፈልጎ አይመጣም።

በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የቀጠለው ግጭት ብዙ ሥራ ማሰናከሉ ይታወቃል። ሰላም ሲሰፍን ግን ካሜራው መምጣቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ውል ለማርቀቅ መሯሯጥ ዋጋ ያሳጣል። አንድ ገጽ የማይሞላ ደንብ ለማውጣት ግን የአንድ ቀን ጉባኤ ይበቃል። ስለዚህ ማኅበራት ያላቸውን የጋራ መሬት መዝግበው፣ የሚፈቀደውንና የማይፈቀደውን ለይተው፣ የሚፈርሙትን ተወካዮች መርጠው ሊጠብቁ ይገባል።