ስለ አውቶሞቢል ስርቆትና ስለ ጥበቃው

አዲስ ጥበብ ወደ አንድ አገር ሲገባ ጥቅሙ ብቻውን አይመጣም፤ የጥበቃው ግዴታም ተከትሎት ይመጣል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ. ም. የመጀመሪያውን አውቶሞቢል በአዲስ አበባ በተቀበሉ ጊዜ ይህ ግዴታ የሚያስጨንቅ አልነበረም፤ በከተማው ብቸኛ የሆነች መኪና ብትሰረቅ የምትሸሸግበት ስፍራ ከቶ አይገኝምና። ዛሬ ግን መኪና የብዙ ቤተ ሰብ መተዳደሪያ ሆኖ ሳለ፥ ማታ በመንገድ ዳር የቆመው ማለዳ ስፖኪዮው ተነቅሎ ይገኛል፤ አንዳንድ ጊዜም መኪናው ራሱ ከቆመበት ይታጣል።

እንዲህ ያለ ጉዳት በደረሰ ቍጥር ሰው ሁሉ የሚወቅሰው ሁለቱን ብቻ ነው፤ አንደኛ ሌባውን፥ ሁለተኛ ቸልተኛውን ባለ ንብረት። መኪናውን ሠርቶ የሚሸጠው ሦስተኛው ሰው ግን ሳይጠየቅ ያልፋል። ይህ አስተያየት ጐደሎ መሆኑን በባሕር ማዶ የተፈጸመው ነገር በግልጥ ያስረዳል።

በአውሮፓ የመኪና ስርቆት በበረታ ጊዜ፥ የአውሮፓ ኅብረት ኢሞቢላይዘር የተባለው መሣሪያ በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1998 ዓ. ም. ጀምሮ በሚሸጡት አዲስ መኪናዎች ሁሉ ላይ እንዲደረግ አዘዘ። በቁልፉ ራስ ውስጥ ምስጢራዊ ቍጥር የያዘች ትንሽ ነገር ትኖራለች፤ መኪናው ይህን ቍጥር ካላወቀ ቁልፉ ቢዞር እንኳ ሞተሩ አይነሣም። በሆላንድ የተደረገ ጥናት ከ1995 እስከ 2008 ባለው ዘመን በዚህ መሣሪያ ምክንያት የመኪና ስርቆት በአማካይ 40 በመቶ ያህል እንደ ቀነሰ አረጋግጧል። አውስትራልያ በ2001፥ ካናዳም በ2007 ይህንኑ ሕግ በሥራ ላይ አዋሉ።

የአሜሪካ ማዕከላዊ መንግሥት ግን ነገሩን ለሠሪዎቹ ፈቃድ ተወው። ከዚህ የተነሣ በ2015 ሞዴል ሌሎች ኩባንያዎች ከሠሯቸው የመኪና ዓይነቶች 96 በመቶው መሣሪያው ሲኖራቸው፥ ህዩንዳይና ኪያ ከሠሯቸው 26 በመቶው ብቻ ነበራቸው። በ2021 በሚልዋኪ ከተማ ወጣቶች ይህን ጕድለት አወቁ፤ በ2022 ዘዴው በማኅበራዊ መገናኛ ተሰራጨና ስርቆቱ ከከተማ ወደ ከተማ ተዛመተ። የአገሪቱ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በ2023 እንዳስታወቀው ከዚሁ ጋራ በተያያዘ ቢያንስ 14 ግጭቶች ደርሰው 8 ሰዎች ሞተዋል። ዋጋው ረከስ ስላለ እነዚህን መኪናዎች የገዛው ሠራተኛ ንብረቱን ካጣ በኋላ፥ በአንዳንድ ከተማ የመድን ኩባንያዎች አዲስ ውል አንገባም አሉት። ኩባንያዎቹ 8 ሚሊዮን 300 ሺህ ለሚያህሉ መኪናዎች ያለ ዋጋ ማሻሻያ ያቀረቡትና 200 ሚሊዮን ዶላር በሚያህል ገንዘብ ለመታረቅ የተስማሙት ከዚህ ሁሉ በኋላ በ2023 ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። በጎረቤት ካናዳ የተሸጡት የእነዚሁ ኩባንያዎች መኪናዎች ግን ሕጉ ስላስገደደ መሣሪያው ነበራቸውና ከዚህ መዓት ተረፉ።

ይህ ፍርድ ለሊቃውንት አዲስ አይደለም። በኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 ለሰገነት መከታ እንዲሠራ የታዘዘው ቤቱን የሚሠራው ሰው ነው እንጂ ወደ ሰገነቱ የሚወጣው እንግዳ አይደለም። ስለዚህ መቈለፊያው የጐደለውን ሸጦ፥ ለምን አልጠበቅህም ብሎ ገዢውን መውቀስ ከእውነተኛ ፍርድ መራቅ ነው።

ለኢትዮጵያም የሚሆነው ትምህርት እዚህ ላይ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ. ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናዎች በብዛት ገብተዋል። ከእነዚህም ብዙዎቹ ቁልፍ ሳይዞር የሚነሡ ናቸው፤ በአውሮፓ ያሉ ሌቦችም በቤት ውስጥ ከተቀመጠው ቁልፍ የሚወጣውን ምልክት በመሣሪያ አራዝመው በደጅ ወደ ቆመው መኪና ማድረስን ተምረዋል። እንግዲህ አስመጪው የባትሪውን ኃይልና ዋጋውን ብቻ ሳይሆን የመቈለፊያውንም ዓይነት ለገዢው እንዲገልጥ፥ ሹማምንቱም መኪናው ሲገባና ሲመዘገብ ይህን አጥብቀው እንዲመረምሩ ያስፈልጋል።

ይህ ሲባል ባለ ንብረቱ ከድርሻው ነጻ ነው ማለት አይደለም። ሞተሩን ሳያጠፋ ወደ ሱቅ የሚገባ፥ ቦርሳውን በመስኮት እያሳየ የሚሄድ ሰው ሌባን እንደ ጠራው ይቈጠራል። መሪውን በብረት ማሰሪያ መቈለፍ፥ ብርሃን ባለበት ማቆም፥ ምልክት የሚያወጣውንም ቁልፍ በተከደነ የቈርቈሮ ሣጥን ማኖር ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ጥበቃ ነው። ከየት እንደ መጣ ሳይጠይቅ ስፖኪዮ በርካሽ የሚገዛም የሌባውን ደመወዝ ከፋይ መሆኑን ይወቅ፤ የንስሓ አባቶችም ይህን ለልጆቻቸው ቢያስረዱ ከብዙ ዘበኛ የበለጠ ሥራ ይሠራሉ።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፥ ሕግ አስቀድሞ ቢታሰብበት ወጪው ጥቂት ነው። ዘግይቶ ሲመጣ ግን መኪናውን ያጣውም፥ በግጭቱ የሞተውም ሰው ዕዳውን አስቀድመው ከፍለውት ይገኛሉ።