ሳይቸግር ጤፍ ብድር

በቅርቡ ዋሽንግተን አካባቢ የምትኖር የእህቴ ልጅ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ «ጋሼ፣ በመጠናዊ ሥነ ልቦና የሁለት ዓመት የማስተርስ ትምህርት ተቀብለውኛል፤ ክፍያው ግን የራሴ ነው። ልበደር ወይስ ልተወው?»

ይህ ደግሞ ምን የሚሉት ትምህርት ነው ለሚል አንባቢ፣ የሰውን ችሎታ፣ ጠባይና አመለካከት በቁጥር የመለካት ሙያ ነው። ቶፍል የተፈተነ ሁሉ ሳያውቀው በእነዚህ ባለሙያዎች ሚዛን ተመዝኗል።

ገበያው አይከፋም። የአሜሪካ የሥራ ስታቲስቲክስ ቢሮ እ.ኤ.አ. የ2024 አኃዝ እንደሚያሳየው፣ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች መካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ 94 ሺህ ዶላር ገደማ፣ የዳታ ሳይንቲስቶች ደግሞ 112 ሺህ ገደማ ነው። ነገር ግን ይህ የጀማሪ ደመወዝ አይደለም፤ ሃያ ዓመት የሠራውም አብሮ ተቆጥሮበታል።

እስቲ ብድሩን እናስላው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 2025 የጸደቀው ሕግ፣ ለድኅረ ምረቃ ተማሪ የሚሰጠውን የፌዴራል ብድር በዓመት በ20,500 ዶላር ወስኗል። በሁለት ዓመት 41,000 ይሆናል። በ2025–26 የትምህርት ዘመን ወለድ፣ ማለትም በ7.94 በመቶ፣ ይህ ገንዘብ በዐሥር ዓመት ሲከፈል በወር 500 ዶላር ያህል፣ በድምሩ 60 ሺህ ገደማ ይደርሳል። ሥራዋን ትታ የምታጣውን ደመወዝ፣ ለምሳሌ በዓመት 60 ሺህ፣ ስንጨምርበት ጠቅላላ ዋጋው 180 ሺህ ነው።

በአንጻሩ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የዶክትሬት ተማሪ የትምህርት ክፍያ አይጠየቅም፤ በረዳትነት እየሠራ አበል ያገኛል። አበሉ 25 ሺህ ቢሆን በአምስት ዓመት የምታጣው 175 ሺህ ነው። በማስተርሱ ሦስት ዓመት ቀድማ ደመወዝተኛ መሆኗ አይካድም። ሆኖም በተቀራራቢ ዋጋ አንዱ መንገድ ማስተርስና ዕዳ፣ ሌላው ያለ ዕዳ ዶክትሬት ይሰጣል። እናም «አትበደሪ፤ አንድ ዓመት ታግሠሽ ለዶክትሬት አመልክቺ» አልኳት።

ለመሆኑ ነገሩ በዚህ ያበቃል? አያበቃም። ያው ሕግ ምሩቃኑ ከባችለር ዲግሪ ባለቤቶች ያነሰ የሚያገኙበትን የድኅረ ምረቃ ትምህርት ከብድር ያግዳል። ዩኒቨርሲቲዎች በተማሪው ዕዳ እንዳይከብሩ ልጓም ማበጀቱን እደግፋለሁ። የዕውቀትን ዋጋ በደመወዝ ብቻ መተመን ግን ሌላ ጥፋት ነው። በአገራችን የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። የወደቀው ተማሪው ነው፣ ትምህርቱ ነው ወይስ ፈተናው? ይህን በማስረጃ ለይቶ የሚነግረን ይኸው ባለሙያ ነው፤ የሥራው ፍሬ ግን በደመወዝ መዝገብ ላይ አይታይም።

እንግዲህ ሙያው ለሕዝብ የሚበጅ ከሆነ ወጪውን ሕዝብ በስኮላርሺፕና በአበል ይጋራ እንጂ፣ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ብቻዋን በወለድ ልትሸከመው አይገባም። እስከዚያው ድረስ ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ ከመፈረማቸው በፊት የትምህርት ክፍሉን ሦስት ነገር ያስጠይቁ፦ ከጀመሩት ስንቱ ጨረሱ? የት ተቀጠሩ? ስንት ይከፈላቸዋል? መልስ የሌለው ትምህርት ቤት ብድርም አይገባውም።

ቸር ይግጠመን።