የጌዴኦ እንሰት ከመዝገብ በላይ ጥበቃ ይሻል

የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት መመዝገቡ የሚያስደስት ነው። ይሁን እንጂ ይህ መሬት የሚጠበቀው በመዝገብ ሳይሆን በገበሬው ማሳ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

በዚህ አቀበታማ ምድር እንሰትና ቡና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር አብረው ይበቅላሉ። የእንሰቱ ሰፊ ቅጠል የዝናቡን ኃይል ይሰብራል፤ ሥሩም አፈሩን ይይዛል። ቡናው ገንዘብ ያመጣል፤ ቤተሰቡ ዋጋ በወደቀበት ዓመት ጭምር የሚበላው ግን ቆጮውን ነው። እንሰቱ ከማሳው ከጠፋ ገበሬው ቁልቁለቱን ለእህል ለማረስ ይገደዳል፤ ያን ጊዜ አፈሩን ጎርፍ ይወስደዋል።

እንሰትን ክፉኛ ከሚያሰጉት አንዱ የአጠውልግ በሽታ ነው። ባክቴሪያ የሚያመጣው መሆኑ እ.ኤ.አ. በ1968 ከተገለጸ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኗል። ከታመመው ተክል ወደ ጤነኛው በቢላዋና በችግኝ ይተላለፋል፤ የያዘውን ተክል የሚያድን መድኃኒት የለም። መከላከያው የታመመውን ነቅሎ መቅበር፣ ቢላዋውን በእሳት መለብለብና ንጹሕ ችግኝ መትከል ነው። ለዚህ ደግሞ አንድ ኩንታል ማዳበሪያ እንኳ አያስፈልግም! የልማት ሠራተኛው ትጋት በተከፋፈለ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ብቻ ከተመዘነ ግን ቢላዋ ስለማጥራት የሚያስተምርበት ጊዜ ከየት ያገኛል?

እንሰቱን የሚፍቁት፣ ቆጮውንም የሚያብላሉት ሴቶች ናቸው። ትምህርቱ በስብሰባ ለአባወራው ብቻ ከተነገረ ቢላዋውን የያዘችው ሳትሰማ ቀረች ማለት ነው። ስለሆነም የግብርና ጽሕፈት ቤቶች ሴቶቹን በየጓሯቸው ሊያስተምሩ፣ የቡና ችግኝ በሚፈላበት ጣቢያም ከበሽታ ነጻ የሆነ የእንሰት ችግኝ ሊያፈሉ ይገባል።