ከጡረታ በኋላ የት እንኑር? የአየር ጠባይና የአዛውንት ኑሮ

ሰው በጉልበቱ ዘመን የሚኖርበትን ስፍራ የሚመርጥለት ሥራው ነው። መሥሪያ ቤቱ ወደ ሰመራ ቢልከው ሙቀቱን፣ ወደ ደብረ ብርሃን ቢልከው ብርዱን ችሎ ይኖራል፤ ደመወዙና የወጣትነት ደሙ ሁሉንም ያስችሉታል። ዕድሜው 60 ሞልቶ የስንብት ደብዳቤውን ሲቀበል ግን፣ ምናልባት በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «እንግዲህ የት ልኑር?» የሚለውን ጥያቄ ራሱ እንዲመልስ ይገደዳል።

ይህ ጉዳይ የሽማግሌዎች ብቻ መስሎ የሚታያቸው ወጣት አንባቢዎች ይኖሩ ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የአባቱን ወይም የእናቱን መኖሪያ የሚፈልገው፣ ኪራይ የሚዋዋለው፣ «አባባ፣ ከዚህ ብርድ ቢወጡ ይሻላል» እያለ የሚያግባባው አብዛኛውን ጊዜ በመሥሪያ ቤት የተቀመጠው ልጅ ነው። ይኸው ልጅ ደግሞ ዛሬ በማኅበር ተደራጅቶ የቤት መሥሪያ ቦታ ሲመራ፣ ሳያስበው፣ ከ30 ዓመት በኋላ የሚያረጅበትን ስፍራ መምረጡ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ በችኮላ የተመረጠ መኖሪያ በእርጅና ዘመን ይፈታል፤ ያን ጊዜ ደግሞ እንደገና ለመታጠቅ አቅሙም ገንዘቡም የለም።

ገንዘቡ የለም ያልነው በከንቱ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. በወጣው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 714 ስሌት መሠረት፣ 30 ዓመት ያገለገለ የሲቪል ሠራተኛ የሚያገኘው አበል የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዙ 55 በመቶ ነበር። ይህም ማለት ኑሮው በግማሽ ደመወዝ ይጀመራል ማለት ነው። እንዲህ ባለው ገቢ ላይ የአየር ጠባይ በየወሩ የራሱን ግብር ይጥላል። በደጋ የከሰል፣ የብርድ ልብስና የሳንባ መድኃኒት፣ በቆላ የማራገቢያ ኤሌክትሪክ፣ የአጎበርና የንዳድ መድኃኒት ያስከፍላል። ስለዚህ ስለ አየር ጠባይ ማሰብ የቅንጦት ጉዳይ ሳይሆን የበጀት ጉዳይ ነው።

አባቶቻችን የተዉልን መለኪያ

አገራችን በአንድ ቀን የመኪና ጉዞ ውስጥ ብዙ ዐይነት አየር የሚገኝባት ናት። አባቶቻችን ይህን ሲያጠኑ ቴርሞሜትር አልነበራቸውም፤ ነገር ግን ውርጭ፣ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላና በረሃ ብለው የከፈሉት ክፍፍል እስከ ዛሬ ድረስ የሳይንስ ሰዎች የሚጠቀሙበት ሆኗል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በ0.6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ በ2,800 ሜትር ገደማ፣ አዲስ አበባ በ2,350፣ ቢሾፍቱ በ1,900፣ ባሕር ዳር በ1,800፣ ሐዋሳ በ1,700፣ ድሬዳዋ በ1,200 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። ስለዚህ ከደብረ ብርሃን ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ ሰው የዐሥር ዲግሪ ያህል ልዩነት ይጠብቀዋል። አንድ ጋቢ ደርቦ የነበረ ሰው ነጠላው እንኳ ይከብደዋል።

ነገር ግን አየሩን በአማካይ ቁጥር ብቻ መመዘን ያሳስታል። አዛውንት የሚኖሩት በሰዓታት እንጂ በአማካይ አይደለም። እኛ የምናቀርበው መለኪያ ቀላል ነው፤ ይኸውም፣ አንድ አረጋዊ በዚያ ከተማ፣ በቀኑ ውስጥ ስንት ሰዓት ከቤቱ ወጥቶ በእግሩ መንቀሳቀስ ይችላል? ብሎ መጠየቅ ነው። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ የሚደርስበት፣ እድር የሚቀመጥበት፣ ገበያ የሚወጣበት ሰዓት ስንት ነው? የአዛውንት ጤንነት ያለው በእግሩ መንቀሳቀስ ላይ ነው፤ ቤት የዋለ ጉልበት ቤት ይቀራል።

የደጋው ቀን

በዚህ መለኪያ ደጋውን እንመልከት። በደብረ ብርሃንና በመሰል ከፍተኛ ቦታዎች ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ያወርዳል። ቀኑ ግን ፀሐያማና ደረቅ ስለሆነ፣ ከረፋዱ ሦስት ሰዓት እስከ ማታ ዐሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ለመንቀሳቀስ የተመቸ ነው። አየሩም ጤናማ ነው፤ ወባ አይደርስበትም ለማለት ይቻላል።

ችግሩ ያለው በቀሩት ሰዓታት ነው። ብርድ የደም ሥርን ስለሚያጠብ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ማለዳ ለኪዳን ወይም ለሶላት የሚወጡ አዛውንት ይህን ሳያውቁት ይሸከሙታል። አየሩም የሳሳ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ እንኳ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አራተኛ ያህል ይሳሳል። በደጋ ተወልዶ ያደገ ሰው አካሉ ለምዶታል፤ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም የገባበት ሽማግሌ ግን ዳገቱን ሲወጣ ልዩነቱን ያውቀዋል። የወጥ ቤቱም ነገር አይረሳ፤ ውሃው በአዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ ባቄላውና ሽምብራው ቶሎ አይበስልም፤ የሚነደውም ማገዶ ይበዛል።

ከሁሉ የከፋው ግን የከሰል ነገር ነው። ብርዱን ሽሽት መስኮቱንና በሩን ዘግቶ ከሰል እያነደዱ መተኛት የሚያመጣው ጋዝ ሽታ የሌለው ሲሆን፣ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ከወላጆቹ ርቆ የሚኖር ልጅ በኅዳር ወር ሊልክ ከሚችለው ስጦታ ሁሉ አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ የሚበልጠው በዚህ ምክንያት ነው።

የቆላው ቀን

ወደ ቆላው ስንወርድ ቀኑ ይገለበጣል። በድሬዳዋ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ማታ ዐሥር ሰዓት ድረስ ጎዳናው ይተኛል። ሰው የሚነቃው በማለዳና ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ ነው። ሕይወቱን በሙሉ በዚያ የኖረ ሰው ይህን ሥርዐት ያውቀዋል፤ ቀትር ላይ ጥላ ይፈልጋል፣ ማታ ከደጃፉ ወጥቶ ይጫወታል። አዲስ መጥ ጡረተኛ ግን የመሥሪያ ቤት ሰዓቱን ይዞ ስለሚመጣ በቀትር ለጉዳይ ሲወጣ ይታያል።

ሽማግሌ አካል ከሙቀት ጋር የሚታገልበት ኃይል ደክሟል። ላቡ ይቀንሳል፤ ጥማቱም አይሰማውም፤ ውሃ ሳይጠጣ ሊውል ይችላል። ለደም ግፊት ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ሽንት የሚያበዙ ስለሆኑ፣ በደጋ የተስማማው መድኃኒት በቆላ ራስ ሊያዞር ይችላል። ስለዚህ ከደጋ ወደ ቆላ የሚዛወር አዛውንት ዕቃውን ከመጫኑ በፊት ሐኪሙን ማነጋገር ይገባዋል። በሌላ በኩል፣ ብርድ ያጠናበት ቁርጥማት በሙቀት እንደሚቀልለት የሚናገር ብዙ ሰው አለና፣ ቆላው ሁሉ ጠላት ነው ማለታችን አይደለም።

በቆላ ቦታ ሲመርጡ ደረቁን ወንዝ ማየት ያስፈልጋል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ድሬዳዋ በዓመት የምታገኘው ዝናብ 600 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ጅማ ግን 1,500 ሚሊሜትር ያህል ታገኛለች። ዝናብ ያነሰበት ከተማ ጎርፍ የለበትም ብሎ መደምደም ምን ያህል እንደሚያሳስት ከዚህ ይታያል። ጎርፉ የሚመጣው በከተማው ላይ ከዘነበው ሳይሆን ከበላዩ ካለው ተራራ ነው።

የሐይቁ ከተሞች

ዛሬ የብዙ ሰው ዐይን ያረፈው በወይና ደጋው፣ ይልቁንም ሐይቅ ባላቸው ከተሞች ላይ ነው። ቢሾፍቱ፣ ሐዋሳና ባሕር ዳር ብርዱም ሙቀቱም የተመጠነባቸው ናቸው። በእኛ መለኪያ ቢሰሉ፣ አረጋዊ ሰው በብዙው ወራት ከማለዳ እስከ ማታ መንቀሳቀስ የሚችልባቸው ስለሆኑ፣ ምርጫው መሠረት የሌለው አይደለም። ሆኖም ሁለት ነገሮች ቸል ሊባሉ አይገባም።

አንደኛው ወባ ነው። በአገራችን ከ2,000 ሜትር በታች ያለው ቦታ በአብዛኛው ለወባ የተጋለጠ እንደሆነ የታወቀ ነው። በደጋ የኖረ ሰው በሽታውን የሚለምድበት ዕድል ስላልነበረው ሲይዘው ይጸናበታል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2024 በአገሪቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል። ስለሆነም የሐይቁን ዳር ውበት ሲያደንቁ ማታ ማታ ትንኟም እንደምታደንቀው ማሰብ ይገባል።

ሁለተኛው ውሃ ነው። በስምጥ ሸለቆ ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ፍሎራይድ የተባለውን ንጥረ ነገር ከመጠን በላይ ይዘዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በሸለቆው ውስጥ ከዚህ በብዙ እጥፍ የሚበልጡ ጉድጓዶች አሉ። ይህ ውሃ የሕፃናትን ጥርስ ያበልዛል፤ ለብዙ ዓመታት ሲጠጣም አጥንትን ይጎዳል። አያት በጡረታ ቤታቸው የልጅ ልጆቻቸውን ሊያሳድጉ ካሰቡ ጉዳዩ የእርሳቸው ብቻ መሆኑ ይቀራል። ሁሉም ውሃ እንዲህ ነው አንልም፤ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ ቧንቧው ከየትኛው ምንጭ እንደሚመጣ የከተማውን የውሃ መሥሪያ ቤት መጠየቅ ያስፈልጋል እንላለን።

አየሩ ራሱ ይለወጣል

ወጣት አንባቢዎቻችን በተለይ ልብ ሊሉት የሚገባ ሌላ ነገር አለ። ዛሬ የምናየው አየር ከ30 ዓመት በኋላ ያው አይሆንም። ከ1952 እስከ 1998 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የአገራችን አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሏል። በመቶ ሜትር 0.6 ዲግሪ ካልነው ጋር ስናሰላው፣ ይህ እያንዳንዱ ከተማ 200 ሜትር ያህል ወደ ቆላ እንደ ወረደ የሚያስቆጥር ነው። በ2006 ዓ.ም. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ፣ የቢሾፍቱን አካባቢ መዝገብ የመረመረ ጥናትም በሞቃት ዓመታት ወባ ወደ ከፍተኛው ቦታ እንደሚወጣ አሳይቷል። ስለዚህ ዛሬ ለጡረታው ቤት የሚያስብ የ30 ዓመት ሠራተኛ፣ ከሁለት ቦታዎች መካከል ቢያመነታ፣ ትንሽ ከፍ ያለውን ቢመርጥ አይጸጸትም።

ዘመድ ወይስ አየር?

እስከ አሁን ስለ አየር ብቻ ተናገርን። ነገር ግን በቅርብ የምናውቃቸው አንድ አዛውንት መምህር የነገሩን እዚህ ላይ ሊነሣ ይገባዋል። ልጆቻቸው የደጋው ብርድ ጎዳቸው ብለው ሞቅ ወዳለ ከተማ ወሰዷቸው። ቁርጥማታቸው ቀለለ፤ ሳላቸውም ተወ። «ደኅና ነኝ፤ ዳሩ ግን ከማን ጋር ነው ደኅና የምሆነው?» አሉን። የሚያውቃቸው እድር፣ የሚጠይቃቸው የቀድሞ ተማሪ፣ በበዓል የሚሰበሰበው ማኅበር ሁሉ በብርዱ አገር ቀርቷል። በዓመቱ ተመለሱ።

ዘመድ ከዘመዱ ይላልና፣ ይህን ፍርድ እኛ አንነቅፈውም። ጥሩ አየር ብቻውን ሽማግሌ አይጦርም። ሆኖም አዛውንቱ በተመለሱበት ቤት ልጆቻቸው የሠሩት ሥራ ትምህርት የሚሰጥ ነው። በቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ አስገቡ፤ የበሩን ንፋስ ደፈኑ፤ በምሥራቅ በኩል የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት ሰፊ መስኮት አወጡ፤ የጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ አሠሩ። አገር ከመለወጥ ቤት መለወጥ ይረክሳል። በቆላም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ አንድ የጥላ ዛፍ፣ ሰፊ በረንዳና ንፋስ የሚያሳልፍ ሁለት ትይዩ መስኮት ከማራገቢያ ይበልጣሉ።

ምን ይደረግ?

እንግዲህ አሳባችንን እንሰብስብ። አንደኛ፣ ማንም ሰው በጥር ወር፣ ለጥምቀት ወይም ለሠርግ ሄዶ ባየው አየር ከተማ አይምረጥ፤ በጥር ሁሉም ከተማ ሙሽራ ነው። ነሐሴን ለጭቃው፣ ኅዳርን ለብርዱ፣ ሚያዝያን ለሙቀቱ፣ መስከረምና ጥቅምትን ለወባው ይየው። ሁለተኛ፣ ከመግዛት በፊት አንድ ዓመት ተከራይቶ መኖር ይሻላል፤ የአንድ ዓመት ኪራይ ከተሳሳተ ቤት ዋጋ እጅግ ያነሰ ነው። ሦስተኛ፣ ሆስፒታሉ ምን ያህል እንደሚርቅና በክረምት መንገዱ እንደሚያስኬድ ይጠየቅ።

አራተኛው ለመሥሪያ ቤቶች ነው። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የየአካባቢውን የሙቀትና የዝናብ መዝገብ ይይዛል። ማዘጋጃ ቤቶች ለነዋሪ ቦታ ሲሰጡ ከካርታው ጋር የዝናቡን፣ የጎርፉንና የውሃውን ነገር የሚገልጽ አንድ ገጽ ቢያያይዙ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ይህን ገጽ የሚያዘጋጀው ሰው ዛሬ ይህን ጋዜጣ ከሚያነቡት ወጣት ሠራተኞች አንዱ ይሆናል።

የዚያ ወጣት አባት ነገ ጠዋት ከቤታቸው ወጥተው፣ ብርዱም ሙቀቱም ሳያግዳቸው፣ በእግራቸው ደርሰው የሚመለሱበት መንገድ እንዲኖራቸው ማድረግ፣ ከሚሰጡት የጡረታ አበል የማያንስ ጡረታ ነው።