ፍርፋሪያችንን ማን አነሣው?

ዛሬ ከምርጫና ከፓርላማ ወሬ ለአፍታ ወጣ ብለን ስለ አንድ እንግዳ ፊልም እንጨዋወት። ከፖለቲካው ግን ብዙ አንርቅም።

እ.ኤ.አ. በ2015 መጀመሪያ በሮተርዳም የፊልም ፌስቲቫል «ክራምብስ» («ፍርፋሪ» እንበለው) የተሰኘ የ68 ደቂቃ ፊልም ታየ። አዘጋጁ ሚጌል ያንሶ ስፔናዊ ሲሆን ቋንቋው አማርኛ፣ ምድሩ ኢትዮጵያ፣ መሪ ተዋንያኑም ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ናቸው። ዓለም ጠፍታለች። ለዓመታት ሰማይ ላይ ተገትሮ የኖረ ዝገታም የጠፈር መርከብ ሊንቀሳቀስ ያለ ይመስላል፤ ካንዲ የተባለው ጀግናም ወደ ሌላ ፕላኔት መመለስ ተመኝቶ አቤቱታውን ለገና አባት ሊያቀርብ ይጓዛል። ማይክል ጆርዳን ይመለካል። ርካሽ የፕላስቲክ አሻንጉሊት እንደ ጥንታዊ ቅርስ ተመርምሮ ዋጋ ይተመንለታል።

በውጭ አገር ፊልሙ ጥቂት ግን ጽኑ ወዳጆች አፈራ። እዚህ አዳማ በሲኒማ ቤት ሲታይ አልገጠመኝም፤ ስለዚህ በክፍል ግድግዳ ላይ ለተማሪዎቼ አሳየሁ። አሥር ደቂቃ ዝም አሉ። የአሻንጉሊቱ ዋጋ ሲተመን ግን ከኋላ ወንበር አንዱ «ልዋጭ!» ብሎ ጮኸ፣ ክፍሉም በሣቅ ፈረሰ።

ከዚያ ጩኸት የተሻለ ሂስ አላነበብኩም። ለአውሮፓዊው ተመልካች ቅዠት የሆነው ነገር በቁራሌው ጥሪ ለሚነቃ ሰው የሰፈር ወሬ ነው። የቆመ ማሽን ይነሣል ብሎ መጠበቅስ ለእኛ ባዕድ ነውን? የናዝሬት አሮጌ ባቡር ጣቢያ ፀጥ ብሎ ኖሯል፤ በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም በሌላ ሐዲድ ነው የሚያልፈው። ሆላንዶች በ1954 ሥራ ያስጀመሩት የወንጂ ስኳር ፋብሪካም በአዲስ ተተክቶ ቆሟል።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ፈረንጅ አገራችንን የዓለም መጨረሻ አስመስሎ ገጽታችንን አበላሸ፤ የዳንኤልንም አጭር ቁመና ለትርዒት አቀረበ» ሲል ተቆጣ። የመጀመሪያው ክስ ግማሽ እውነት አለው፤ የባዕድ ካሜራ ፍርስራሻችንን ይወዳል። ሁለተኛውን ግን አልቀበልም። ዳንኤል በዚህ ፊልም የሚፈራ፣ የሚያፈቅርና የሚፈቀር ሰው ነው። የእኛ የሠርግና የቪላ ኮሜዲዎች እንዲህ ላለ ሰው ከዘበኝነትና ከመሣቂያነት ሌላ ምን ሰጡት?

በዚያው ዓመት ግንቦት ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም የፓርላማ ወንበር ጠቀለሉ። ይህን የመሰለ ኮሜዲ በእጃችን እያለ ማንም አልቀረጸውም፤ «ገጽታ ግንባታ» የሚሉት በሽታ ቀድሞ አፋችንን ይዞታልና። ያንሶ ግን በ2019 ዳንኤልን እንደገና ይዞ መጣ፤ «ኢየሱስ ወደ አውራ ጎዳናው መንገዱን ያሳይሃል» በተሰኘው ሥራው «ቤታ ኢትዮጵያ» የምትባል አገር ባትማን መስሎ በሚለብስ ባትፍሮ በተባለ ፕሬዚዳንት ትገዛለች። ይህን ጽሑፍ አበሻ ደራሲ ይዞ ለፈቃድ ቢሄድ ከየትኛው ቢሮ በር እንደሚመለስ አንባቢ ይገምት።

ሁለቱንም ፊልሞች በፍላሽ የወሰዱት ተማሪዎች እስካሁን አልመለሱልኝም። ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ሻሸመኔ መድረሱን ግን ሰምቻለሁ።